የሜሪላንድ ሸርጣን፦ ሥጋው፣ ጨውና «ሰናፍጩ»

በአሜሪካዋ ሜሪላንድ ግዛት ውስጥ ሙቀቱ ሲገባ ሸርጣን በደርዘን ይገዛል። ጠረጴዛው ላይ ወረቀት ይነጠፋል። በእንፋሎት የበሰለው ሸርጣን እንደ ትኩሱ ይዘረገፋል። ከዚያ በእንጨት መዶሻ እየፈረከሱ መብላት ነው። ይህ የቼሳፒክ ሰላጤው ሰማያዊ ሸርጣን ነው፤ የሚቀላው ሲበስል ነው።

ልፋቱ ብዙ፣ ሥጋው ትንሽ ነው። ከጠቅላላ ክብደቱ የሚበላው ከሰባት አንድ እጅ ገደማ ቢሆን ነው። ግን አይናቅም። 100 ግራም የበሰለ ሥጋ 18 ግራም ያህል ፕሮቲን አለው። ካሎሪው ከ80 ብዙም አይዘልም፤ ስቡም 1 ግራም አይሞላም። ቢ12 ቫይታሚኑ 3.3 ማይክሮግራም ገደማ ነው። አዋቂ ሰው በቀን የሚያስፈልገው 2.4 ነው፤ ስለዚህ ይተርፋል። ዚንክ፣ መዳብና ሴሊኒየምም ሞልቶታል። ኮሌስትሮሉ 97 ሚሊግራም ያህል ስለሆነ ከአንድ ትልቅ እንቁላል ግማሽ ብቻ ነው።

ኪንግ ክራብ የሚባለው ትልቁ የአላስካ ሸርጣን በቢ12 ይበልጠዋል፤ በ100 ግራም 11 ማይክሮግራም ያልፋል። ችግሩ ጨው ነው። ሶዲየሙ ከ1000 ሚሊግራም በላይ ነው፤ በአሜሪካ የሚመከረው የቀን ጣሪያ ደግሞ 2300 ነው። ደም ግፊት ያለበት ሰው ይህን ልብ ይበል።

የሰማያዊው ሸርጣን የራሱ ጨው ያንን ያህል አይደለም። ጨው የሚበዛው ከላይ በሚነሰነሰው ቅመም ነው። ታዋቂው ኦልድ ቤይ፣ ከናዚ ጀርመን ሸሽቶ ባልቲሞር የገባው ጉስታቭ ብሩን የቀመመው፣ ዋና ነገሩ የሴለሪ ጨው ነው። ሥጋውን የቀለጠ ቅቤ ውስጥ እየነከሩ ከበሉት ደግሞ «ስብ የለውም» የሚለው ወሬ እዚያው ያበቃል።

ሆዱ ሲከፈት የሚታየው ቢጫ ነገር «ሰናፍጭ» ይባላል። ወዳጆቹ ጣቱን ያስልሳል ይላሉ። ነገሩ ግን የእንስሳው ጉበትና ቆሽት ነው፤ በውሃው ውስጥ ያለ ብክለት የሚጠራቀመውም እዚያ ነው። ጠርጎ መጣሉ ይሻላል። ከመቀቀሉ በፊት የሞተ ሸርጣንም አይበላም፤ ባክቴሪያ ቶሎ ይራባበታል።

በሜሪላንዷ ሲልቨር ስፕሪንግ ከተማና አካባቢዋ ብዙ ሐበሻ ይኖራል፤ ሸርጣን ግን በብዙ የኦርቶዶክስ ቤት አይገባም። ኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 11 ክንፍና ቅርፊት የሌለውን የውሃ እንስሳ ይከለክላል። ሱሺና ሰላጣ ውስጥ የሚገባው አርቴፊሻል «ክራብ» ታዲያ አብዛኛው ከነጭ ዓሣ የተሠራ ነው። ስታርችና ስኳር ይጨመርበታል፤ ፕሮቲኑም ከእውነተኛው ግማሽ እንኳ ላይደርስ ይችላል። ብዙ ጊዜ የእንቁላል ነጭ፣ አንዳንዴም የሸርጣን ጭማቂ አለበት። በጾም ዓሣ የሚበላ ሰውም ሆነ ሸርጣን አለርጂ የሆነበት ሰው የማሸጊያውን ጽሑፍ ማንበብ አለበት። አለርጂው በማብሰል አይጠፋም።