«ሞራ ነው» ብለን ልናልፈው ነበር

አባቴ ግራ ዓይኑ ሲደበዝዝበት ሁላችንም ሞራ ነው አልን፣ ሞራም ነበረው፣ ግን ሐኪሟ በጠብታ ብሌኑን አስፍታ ስታየው ሌንሱ ላይ ፎረፎር የመሰለ ነጭ ነገር አገኘችበት። ሱዶኤክስፎሊዬሽን ይባላል አለችን፣ ባብዛኛው ከ60 ዓመት በኋላ የሚታይ ነገር ነው። ከዛ ቀን ጀምሮ ከዘመድ ከጎረቤት ያልሰማነው ወሬ የለም።

«ሞራ ነው፣ ሲበስል ይወጣል»

ሞራ ሌላ ይሄ ሌላ። ሞራ ሌንሱ ራሱ ሲደፈርስ ነው፣ ይሄኛው ግን ዓይን ውስጥ የሚመረት ፕሮቲን ነክ ብናኝ ነው፣ ሌንሱና ብሌኑ ጠርዝ ላይ ይጠራቀማል፣ ሁለቱ ብዙ ጊዜ አብረው ስለሚገኙ ነው የሚምታታው። ብናኙ የዓይን ውስጥ ውሃ የሚወጣበትን ወንፊት ይደፍንና ውሃው መውጫ ሲያጣ ግፊቱ ይጨምራል፣ ግፊቱ ነርቩን ይጎዳል፣ ያ ነው እንግዲህ ግላኮማ። ሞራ የጋረደውን ኦፕራሲዮን ይመልሰዋል፣ ግላኮማ የወሰደው ግን ሄደ ማለት ነው። ስለዚህ ይብሰል እያሉ መቀመጥ ጊዜ ማቃጠል ነው፣ ደግሞ እንዲህ ያለ ዓይን ላይ ሌንሱን የያዙት ክሮች ይላላሉ፣ ብሌኑም በደንብ አይሰፋም፣ ኦፕራሲዮን የሚሰራው ሐኪም ይሄን ቀድሞ ማወቅ አለበት።

«ሞራው ከወጣ አብሮ ይጠፋል»

አይጠፋም። ብናኙ መመረቱን አያቆምም፣ ግፊቱን መለካት ይቀጥላል።

«ከደም ግፊት ነው፣ ጨው ይቀንስ»

ይቺ የአክስቴ ናት፣ ስሙ ነው ያሳሳታት። የዓይን ግፊት የሚባለው ዓይን ውስጥ ያለው ውሃ ግፊት ነው፣ ባብዛኛው ሰው ከ10 እስከ 21 ሚሊሜትር ሜርኩሪ ነው። ደም ግፊቱ ልክ የሆነ ሰው የዓይን ግፊቱ ሊጨምር ይችላል።

«የፈረንጅ በሽታ ነው»

በ1917 (በነሱ አቆጣጠር) መጀመሪያ የጻፈበት ሊንድበርግ የሚባል የፊንላንድ ሐኪም ስለሆነ ለብዙ ጊዜ የሰሜን አውሮፓ በሽታ ይመስል ነበር። እኛም አገር ግን ሞራ ሊያስወጡ ከሚመጡ ሽማግሌዎች ላይ በደንብ ይገኛል።

«ካላመመኝ ምን አለብኝ»

ይሄ ነው የሚያናድደኝ። አያምም፣ አይቀላም፣ ብዙ ጊዜ ባንድ ዓይን ይጀምራል፣ ጤነኛው ይሸፍንለታል፣ እይታው ደግሞ ከዳር ከዳር ነው የሚቀንሰው፣ አባቴ በግራ በኩል በሩን ሲገጨው እርጅና ነው ብለን ስቀናል። ግፊቱም ከፍ ዝቅ ይላል፣ አንድ ቀን ተለክቶ ልክ ነው መባል አይበቃም።

«ጠብታውን ጨረስኩ፣ ዳንኩ»

ጠብታ ግፊቱን ያወርዳል እንጂ በሽታውን አያጠፋም፣ ሲያቆሙት ግፊቱ ይመለሳል። ካልበቃ ሌዘር አለ፣ ኦፕራሲዮንም አለ። አስም ያለበት ሰው ደግሞ ቲሞሎል የሚባለውን የግፊት ጠብታ ከመጀመሩ በፊት ለሐኪሙ ይንገር፣ በዓይን ገብቶም ቢሆን ትንፋሽ ያሳጥራል። አባቴ የሱን ማታ ማታ ዜና ሲያልቅ ነው የሚያደርገው፣ ቀኝ ዓይኑ እስካሁን ንጹህ ነው።