«አምናለሁ» ላለው ልጅ

ያለፈው ወር የመጀመሪያው እሁድ ነበር። በቤተክርስቲያናችን፣ በኋለኛው ቀን ቅዱሳን የኢየሱስ ክርስቶስ ቤተክርስቲያን፣ የጾምና የምስክርነት ቀን። እንደምታውቁት ሁለት ማዕድ ዘለን፣ እህል ውሃ ሳንቀምስ ነው የምንሰበሰበው። ቅዱስ ቁርባኑ ከታደለ በኋላ ማይኩ ለፈለገ ሁሉ ክፍት ይሆናል። አንዱ ወጥቶ «ይህች ቤተክርስቲያን እውነተኛ እንደሆነች አውቃለሁ» አለ። ሌላዋ ተከተለች፤ «መጽሐፈ ሞርሞን የእግዚአብሔር ቃል እንደሆነ አውቃለሁ» አለች። እንዲህ እያለ ሄደ።

ከዚያ አንድ ልጅ ተነሳ። አሥራ ስድስት ዓመት ቢሆነው ነው። ማይኩን ዝቅ አደረገው፤ መልሶ ከፍ አደረገው። የነጭ ሸሚዙ እጅጌ ረዝሞበት እስከ ጣቶቹ ደርሷል። ብዙ ዝም አለ። «እኔ አውቃለሁ ማለት አልችልም» አለ በመጨረሻ። «ግን አምናለሁ። ማመንም እፈልጋለሁ። በኢየሱስ ክርስቶስ ስም፣ አሜን።» ወርዶ እናቱ አጠገብ ተቀመጠ። ስብሰባው እስኪያልቅ አንገቱን እንደደፋ ነበር።

ከኋላዬ አንድ ሰው «ገና ነው ልጁ» ሲል ሰማሁ። ክፉ አስቦ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ቃሉ ግን እስከ ዛሬ አልለቀቀኝም።

ምክንያቱም ያ ልጅ እኔ ነበርኩ። ከተጠመቅኩ በኋላ ሁለት ዓመት ያህል ምስክርነት አልሰጠሁም። እንደ ሌሎቹ «አውቃለሁ» ብል የዋሸሁ መሰለኝ። ተንበርክኬ እጸልያለሁ፤ ስነሳ ያው ነኝ። ሌሎቹ የተሰጣቸው ነገር ለእኔ የቀረብኝ ይመስለኝ ነበር። ለማንም አልተናገርኩም። ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል ይባል የለ? እኔም በዝምታዬ ሁለት ዓመት ብቻዬን ቆየሁ።

የረዳኝ ትምህርትና ቃል ኪዳኖች ክፍል 46 ነው፤ መጽሐፉ እንደ መጽሐፈ ሞርሞን ከቅዱሳን መጻሕፍታችን አንዱ ነው። ክፍሉ እ.ኤ.አ. በ1831 ማርች ወር በከርትላንድ፣ ኦሃዮ የተሰጠ ራዕይ ነው። ስለ መንፈስ ስጦታዎች ሲነሳ ብዙዎቻችን ወደ ፈውሱና ወደ ልሳኑ እንሮጣለን። ከእነዚያ በፊት ግን ቁጥር 13 እና 14 አሉ። ለአንዳንዶች ኢየሱስ ክርስቶስ የእግዚአብሔር ልጅ መሆኑን ማወቅ በመንፈስ ቅዱስ ይሰጣቸዋል ይላል። ለሌሎች ደግሞ በእነዚያ ሰዎች ቃል ማመን ይሰጣቸዋል፤ እነርሱም የዘላለም ሕይወት እንዲኖራቸው። ልብ በሉ፤ ማመን እዚህ ጋ ራሱን የቻለ ስጦታ ነው። ሰጪውም ያው አንዱ መንፈስ ነው።

ከቤተክርስቲያናችን ሐዋርያት አንዱ የነበሩት ሽማግሌ ጄፍሪ ሆላንድ እ.ኤ.አ. በ2013 የኤፕሪል አጠቃላይ ጉባኤ ላይ ስለ አንድ የ14 ዓመት ልጅ ተናግረው ነበር። ልጁ እያመነታ፣ ቤተክርስቲያኗ እውነተኛ መሆኗን ገና አውቃለሁ ማለት እንደማይችል፣ ግን እንደሚያምን ነገራቸው። እቅፍ አደረጉት። «ማመን ብቻ ነው ያለኝ» ብሎ ማንንም ይቅርታ መጠየቅ እንደሌለበትም ነገሩት።

ቋንቋችንም ይህን ያውቃል። ሰው እምነት ሲኖረው «አመነ» እንላለን። ጥፋቱን ሲናገርም «አመነ» እንላለን። «ታማኝ» የምንለውም ከዚያው ቃል ነው። ያ ልጅ «አምናለሁ» ሲል የሌለውንም አምኗል፣ ያለውንም አምኗል።

ከራሴ ጥያቄዎች ሁሉ የከበደኝን ልንገራችሁ። ጥቁር ነኝ። በ1852 በይፋ ከተነገረ ጀምሮ እስከ ጁን 1978 ድረስ በቤተክርስቲያናችን የአፍሪካ ዘር ያላቸው ወንዶች ክህነት አይሰጣቸውም ነበር። ወንዱም ሴቱም የቤተመቅደስን ታላላቅ በረከቶች ተከልክለው ኖረዋል። ይህን መጀመሪያ ያነበብኩ ቀን መጽሐፉን ዘግቼ ዝም ብዬ ተቀመጥኩ። ቤተክርስቲያኗ በ2013 ባወጣችው ጽሑፍ ያኔ ይሰጡ የነበሩትን ማብራሪያዎች፣ ጥቁር ቆዳ የእርግማን ምልክት ነው የሚለውንም ጨምሮ፣ እንደማትቀበል ተናግራለች። ይህ ረድቶኛል። ለምን 126 ዓመት? የሚለው ጥያቄ ግን ዛሬም አብሮኝ አለ።

በዚህ ጥያቄ ውስጥ ጓደኛ ሆና ያገኘኋት ጄን ማኒንግ ጄምስ ናት። ከኮነቲከት የመጣች ነፃ ጥቁር ሴት። በ1843 በመርከብ መሄድ ስላልቻሉ ከቤተሰቧ ጋር ያኔ ቅዱሳኑ ይሰበሰቡባት እስከነበረችው ናቩ፣ ኢሊኖይ 1,300 ኪሎ ሜትር ያህል በእግሯ ሄደች። ጫማቸው አለቀ። እግራቸው ተሰነጣጥቆ ደሙ መሬቱ ላይ ይታይ ነበር። ተንበርክከው ጸለዩ፤ እግራቸውም ዳነ፤ ራሷ ናት የተረከችው። በ1847 ቅዱሳኑ ወደተሰደዱበት ሶልት ሌክ ሸለቆ ገባች። ከዚያ በኋላ የቤተመቅደስ በረከቷን እንድትቀበል መሪዎቹን ደጋግማ ጠየቀች። በ1884 በጻፈችው ደብዳቤ «ለእኔስ በረከት የለኝም ወይ?» ብላ ጠየቀች። የጠየቀችውን ሳታገኝ በ1908 አረፈች። እስክታርፍ ድረስ መጠየቋንም አልተወችም፣ እምነቷንም አልጣለችም። ይህን ሳስብ እንባዬ ይመጣል። ስለ እርሷ ቀለል ያለ ማብራሪያ የሚሰጠኝን ሰው አልሰማውም። እርሷ ግን ጥያቄና እምነት አንድ ልብ ውስጥ አብረው ማደር እንደሚችሉ አሳይታኛለች።

ልጅ ሳለሁ በወተት ጣሳ ባቄላ ተክዬ ነበር። በቀለ አልበቀለ እያልኩ በየጠዋቱ ቆፍሬ አየዋለሁ። በአራተኛው ቀን ፍሬው ለሁለት ተከፍሎ እጄ ላይ ቀረ። እናቴ «ተወው እንጂ! ስትነካካው ነው የገደልከው» አለችኝ። በመጽሐፈ ሞርሞን ነቢዩ አልማ ቃሉን በዘር የመሰለበትን አልማ ምዕራፍ 32ን ባነበብኩ ቁጥር ያቺ ጣሳ ትታወሰኛለች። አልማ ከሰዎቹ የጠየቀው ትንሽ ነው። ለማመን ከመፈለግ በቀር ምንም ባይችሉ እንኳ ያ ፍላጎት ይሥራባቸው፤ ለቃሉ በልባቸው ቦታ ይስጡት።

መጠየቅ ግን ዘሩን መቆፈር አይደለም። የቤተክርስቲያናችን መሥራች ጆሴፍ ስሚዝ በ1820 ጸደይ፣ በ14 ዓመቱ ጫካ የገባው ጥያቄ ይዞ ነው። ያዕቆብ 1፥5 እግዚአብሔር «ሳይነቅፍ በልግስና ለሁሉ» ይሰጣል ይላል። «ሳይነቅፍ» የምትለዋን ቃል እወዳታለሁ። መቆፈር የምለው ሌላ ነው። «መልሱን ሳላገኝ አልጸልይም፣ ቅዱስ ቁርባንም አልወስድም» ማለትን ነው። እኔ ሞክሬዋለሁ። ጥያቄዬ አልተመለሰም፤ ልቤ ግን ደረቀ። ወደ ጸሎት ስመለስም ጥያቄው እዚያው ነበር። ያን ጊዜ ግን ብቻዬን አልነበርኩም።

ሌላውን ለምንሰማ ለእኛም አንድ ነገር ልጨምር። ወንድማችን ወይም እህታችን ጥርጣሬዋን ስትነግረን «ጸልዪበት» ብለን ቶሎ አንዝጋው። የታመመውን ልጁን ይዞ የመጣው አባት «አምናለሁ፤ አለማመኔን እርዳው» ብሎ ጮኸ። ጌታ ልጁን ፈወሰለት። «መጀመሪያ እምነትህን አስተካክለህ ና» አላለውም።

በሚቀጥለው እሁድ ያ ልጅ የቅዱስ ቁርባኑን እንጀራ ከሚያድሉት አንዱ ነበር። እጅጌውን ሁለቴ አጥፎታል። ሳህኑን ይዞ እኔ ወደተቀመጥኩበት ረድፍ መጣ፣ ቀስ ብሎ አቀበለኝ። ቁራሹን አነሳሁ። ቀና ብዬ አየሁት፤ እርሱም አየኝ። ከዚያ ሳህኑን ተቀብሎኝ ወደሚቀጥለው ረድፍ አለፈ።