ከማናውቀው ሰው ጋር ስንከራከር

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

የተወደዳችሁ ወንድሞችና እኅቶች፣ ዛሬ የማነሣው ብዙዎቻችን በየዕለቱ የምናደርገውን፣ በንስሐ ጊዜ ግን ለአበ ነፍሳችን የማንናገረውን ነገር ነው። ስለ መንግሥት፣ ስለ ኑሮ ውድነት፣ ስለ ግብር፣ ስለ ሥራ ማጣት፣ ስለ ትዳርና ስለ ልጆች አስተዳደግ በማኅበራዊ ሚዲያ ከማናውቃቸው ሰዎች ጋር እንከራከራለን። በቤተ ክርስቲያን አንገታችንን ደፍተን የምንቆም፣ በሰው ዘንድም «ክፉ ቃል አይወጣቸውም» የምንባል ሰዎች፣ ስልካችንን ስንከፍት ፊቱን አይተን የማናውቀውን ሰው ደንቆሮ፣ ተከፋይ፣ ሆድ አደር ብለን ለመጻፍ አንድ ደቂቃ አይፈጅብንም። ይህን እንደ ኃጢአት የማንቈጥረው የተሳደበው አንደበታችን ሳይሆን ጣታችን ስለ ሆነ ይመስለኛል። ጌታችን ግን «ሰዎች ስለሚናገሩት ስለ ከንቱ ነገር ሁሉ በፍርድ ቀን መልስ ይሰጡበታል» (ማቴ. 12፥36) ሲል በጽሑፍ የወጣውን ቃል ከፍርዱ አላስቀረውም። እንዲያውም የተጻፈ ስድብ በአፍ ከተነገረው ይልቅ ዕድሜው ይረዝማል፤ ተሳዳቢው ከረሳው በኋላም የተሰደበው ሰው ደጋግሞ ያነበዋል።

አንዳንድ ወንድሞች መፍትሔው ከዚህ ሁሉ ፈጽሞ መራቅ ነው ይላሉ። ቁጣው ለሚያሸንፈውና ሳይከራከር መዋል ለማይችል ሰው ይህ ትክክለኛ መድኃኒት ነው፤ እኔም ያለ ማመንታት እመክረዋለሁ። ለሁሉ የሚሆን ሕግ አድርጎ መደንገጉን ግን አልቀበልም። ነቢዩ አሞጽ መስፈሪያውን እያሳነሱ፣ በሐሰተኛ ሚዛን እያታለሉ ድኻውን በብር የሚገዙትን ነጋዴዎች ገሥጿል (አሞ. 8፥5-6)። ሐዋርያው ያዕቆብም እርሻ ላጨዱ ሠራተኞች ሳይከፈል የቀረው ደመወዝ እንደሚጮኽ ጽፏል (ያዕ. 5፥4)። ነቢያትና ሐዋርያት ስለ ሚዛንና ስለ ደመወዝ ከተናገሩ፣ ስለ ዋጋ ንረትና ስለ ሥራ አጥነት የሚነሣውን ንግግር ሁሉ «ዓለማዊ ነው» ብለን የምንሸሽበት ምክንያት የለንም። እኔን የሚያሳስበኝ የማናውቀውን ሰው የምናነጋግርበት ልብ ነው።

በዚህ ነገር ደጋግሜ የምመለስበት የወንጌል ክፍል ዮሐንስ ምዕራፍ 4 ነው። ጌታችን መንገድ አድክሞት በያዕቆብ ጕድጓድ አጠገብ ተቀምጦ ሳለ፣ ስድስት ሰዓት በሆነ ጊዜ፣ አንዲት ሳምራዊት ሴት ውኃ ልትቀዳ መጣች። አይሁድና ሳምራውያን እንደማይተባበሩ ወንጌላዊው ራሱ ይነግረናል። ንግግሩ ጥቂት እንደ ሄደ ሴቲቱ የሁለቱን ሕዝቦች የቈየ ክርክር አነሣች፦ «አባቶቻችን በዚህ ተራራ ሰገዱ፤ እናንተም፦ ሰው ሊሰግድበት የሚገባው ስፍራ በኢየሩሳሌም ነው ትላላችሁ»። ያ ተራራ ገሪዛን ነው። በላዩ የነበረውን የሳምራውያን መቅደስ ያፈረሰው የአይሁድ ገዢና ሊቀ ካህናት የነበረው ዮሐንስ ሂርካኖስ ሲሆን፣ ይህም የሆነው ከጌታ ልደት በፊት በ2ኛው መቶ ዓመት መገባደጃ ነው። ስለዚህ የሴቲቱ ጥያቄ ከስግደት ሥርዓት ያለፈ፣ ከመቶ ዓመት በላይ ከአባት ወደ ልጅ ሲተላለፍ የኖረ የመዋረድ ትዝታ ያለበት ነበር። ዛሬም ስለ ሥልጣን ወይም ስለ ታሪክ የሚከራከረን ሰው ከነገሩ መጠን በላይ ሲቈጣ ብናይ፣ እኛ የማናየው የፈረሰ ነገር ከኋላው እንዳለ ልንጠረጥር ይገባናል።

ልብ በሉ፤ ሴቲቱ «እናንተ» አለችው። ከፊቷ የተቀመጠው ውኃ የጠማው አንድ መንገደኛ ሆኖ ሳለ፣ እርሷ ግን በእርሱ ውስጥ አንድ ሕዝብ አየች። እርሱ ሲመልስላት «አንቺ ሴት፥ እመኚኝ» አላት። ከአንዲት ሴት ጋር እንደሚነጋገር አልዘነጋም። በክርክሮቻችን ውስጥ ከስድብ ሁሉ ይልቅ ብዙ ጥፋት የሚያደርሰው ይህ «እናንተ» የሚለው ቃል ነው ብዬ አምናለሁ። «እናንተ ድሮም እንዲህ ናችሁ» ብለን ስንጽፍ፣ ሳይወለድ የተፈጸመው በደል፣ ያልመረጠው መሪ የተናገረው ቃል፣ ስሙን ሰምቶት የማያውቀው ሰው የጻፈው ስድብ ሁሉ በአንድ ሰው ጫንቃ ላይ ይቈለላል። እግዚአብሔር ግን በነቢዩ በሕዝቅኤል አፍ ልጅ የአባቱን ኃጢአት እንደማይሸከም ተናግሯል (ሕዝ. 18፥20)። አምላክ በልጁ ላይ ያልጫነውን እኛ በማናውቀው ሰው ላይ ለመጫን ማን ሥልጣን ሰጠን?

በዚያው ንግግር ውስጥ ሌላም ነገር አለ። ጌታችን ሴቲቱን ላለማስቀየም ብሎ እውነቱን አልሸፈነም፤ «መዳን ከአይሁድ ነውና» ብሎ በግልጽ ነግሯታል። ነገር ግን ይህን ከመናገሩ በፊት «ውኃ አጠጪኝ» ብሎ ለምኗታል፣ ጥያቄዋንም ሰምቷታል። እኛ ዘንድ ቅደም ተከተሉ ይገለበጣል፤ መልሱ ይቀድማል፣ መስማቱ ምናልባት በኋላ ይመጣል፣ ብዙ ጊዜም ጭራሽ አይመጣም። ሳይሰማ የሚመልስ ሰው ስንፍናና እፍረት እንደሚሆንበት ጠቢቡ ሰሎሞን የተናገረው (ምሳ. 18፥13) ስለዚህ ነው። ከዚሁ ጋር ትንሽ የምትመስል ነገር ልጨምር። በአካል ብናገኘው «እርስዎ» ብለን፣ ከመቀመጫችን ተነሥተን የምናነጋግረውን ሰው፣ ፎቶግራፉን ስላላየን ብቻ «አንተ» እያልን እናዋርደዋለን። የማናውቀውን ሰው በአንቱታ መጀመር ምንም አያስከፍለንም፤ የሚሰማንንም ሰው ጆሮ ይከፍታል። እኔ በዚህ ነገር ከጠበቅሁት በላይ ፍሬ አይቻለሁ።

ይሁን እንጂ ልንገባበት የማይገባን ክርክርም አለ። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 19 የተጻፈውን የኤፌሶን ሁከት አስታውሱ። ድሜጥሮስ የተባለ ብር ሠሪ የአርጤምስን የብር ቤተ መቅደሶች ይሠራ ነበር፤ በቅዱስ ጳውሎስ ስብከት ምክንያት ገበያው እንደሚቀንስበት ባየ ጊዜ የሙያ ባልደረቦቹን ሰብስቦ በመጀመሪያ ስለ ትርፋቸው፣ ቀጥሎም ስለ አማልክታቸው ክብር ተናገራቸው። የጥቅም ጥያቄ የሃይማኖትና የማንነት ልብስ ለብሶ አደባባይ ሲወጣ እንዲህ ነው። ሕዝቡ ወደ ቲያትሩ ሮጠ፤ ቅዱስ ሉቃስም የሚበዙቱ ስለ ምን እንደ ተሰበሰቡ እንኳ አላወቁም ይላል። እስክንድሮስ የተባለ ሰው ሊናገር በእጁ ሲጠቅስ አይሁዳዊ መሆኑን ስላወቁ አንድ ቃል ሳይሰሙት ሁለት ሰዓት ያህል በአንድ ድምፅ ጮኹበት። ምን ሊል እንደ ነበር እስከ ዛሬ አናውቅም። ጳውሎስ ወደ ሕዝቡ ሊገባ ወድዶ ነበር፤ ደቀ መዛሙርቱ ግን ከለከሉት፣ እርሱም ቀረ። ጳውሎስ ፈሪ አልነበረም፤ በአቴና በአርዮስፋጎስ ቆሞ ከፈላስፎች ጋር ተነጋግሯል፣ ከገዛ ባለ ቅኔዎቻቸውም ጠቅሶላቸዋል። በአቴና የሚሰማ ጆሮ ነበረ፤ በኤፌሶን ቲያትር ግን ጩኸት ብቻ ነበር። መቶ ሰው አንዱን ከብቦ በሚሰድብበት የክርክር ገጽ ላይ መቶ አንደኛ ሆኖ መግባት፣ ያ መቶው እውነት ቢይዝ እንኳ፣ የክርስቲያን ድርሻ አይመስለኝም።

የምንከራከርባቸው ጉዳዮች አብዛኞቹ የሃይማኖት ድንጋጌ እንዳልሆኑም መረሳት የለበትም። ግብር ይጨመር ወይስ ይቀነስ፣ መንግሥት የዋጋ ጣራ ያውጣ ወይስ ገበያውን ይተወው፣ በእነዚህ ላይ አንድ ጽዋ የሚቀበሉ ሁለት ምእመናን በቅን ልብ ሊለያዩ ይችላሉ። ድኻን መርዳት ትእዛዝ ነው፤ ድኻው በየትኛው ፖሊሲ እንደሚጠቀም ግን በምርመራ፣ በልምድና በቍጥር የሚታወቅ ነገር ነው። የራሳችንን ግምት «እግዚአብሔር የሚለው ይህን ነው» ብለን ስናትመው የአምላክን ስም በከንቱ እንጠራለን፤ ከእኛ የተለየውንም ሰው ሳያውቀው ከእምነት አስወጣነው ማለት ነው።

ከሁሉ ይልቅ የሚያስፈራኝ ግን የምናጋራው ወሬ ነው። ከዓመታት በፊት በሌላ አገር የተነሣ ፎቶግራፍ «ዛሬ የሆነ» ተብሎ ሲዞር ሁላችንም አይተናል፤ ብዙዎቻችንም አጋርተናል። ኦሪት «ሐሰተኛ ወሬ አትቀበል» ትላለች (ዘጸ. 23፥1)፤ መናገሩን ብቻ ሳይሆን መቀበሉንም ከለከለች። ነገርም በሁለት ወይም በሦስት ምስክር ቃል ይጸናል ተብሏል (ዘዳ. 19፥15)። አንድ ሰው የጻፈውን ሺህ ሰው ቢያጋራው ምስክሩ ያው አንድ ነው። «ብዙ ሰው ሼር አድርጎታል» የሚለው ማስረጃ በእግዚአብሔር ፊት አይቆምም፤ ጣታችን ከመንካቷ በፊት መጀመሪያ የተናገረው ማን ነው፣ መቼና የት ነው ብለን ብንጠይቅ በሐሰት ከመመስከር እንድናለን።

መጠየቅ ጦርነት እንኳ ያስቀራል። በኢያሱ ዘመን ከዮርዳኖስ ማዶ የቀሩት የሮቤል ልጆች፣ የጋድ ልጆችና የምናሴ ነገድ እኩሌታ ትልቅ መሠዊያ ሠሩ። ወሬው የደረሳቸው የቀሩት ነገዶች ከዱ ብለው ሊወጉአቸው በሴሎ ተሰበሰቡ። ነገር ግን አስቀድመው ፊንሐስንና ዐሥር አለቆችን ላኩ። የተላኩት ሰዎች በብርቱ ቃል ቢወቅሱም መልሱን ጠብቀው ሰሙ፤ መሠዊያው ለመሥዋዕት ሳይሆን ልጆቻቸው ወደ ፊት ከወገኖቻቸው እንዳይለዩ ለምስክር የተሠራ መሆኑንም ተረዱ (ኢያ. 22)። ክህደት የመሰላቸው ነገር ላለመለየት የተደረገ ነበር።

ቅዱስ ዮሐንስ አፈወርቅ ገና ቄስ ሳለ፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ387 ዓ.ም. የአንጾኪያ ሕዝብ በአዲስ ግብር ተቈጥቶ የንጉሥ ቴዎዶስዮስንና የቤተሰቡን ሐውልቶች ገለበጠ። ከተማዪቱ የንጉሡን ቅጣት እየጠበቀች ተንቀጠቀጠች፤ አረጋዊው ጳጳስ ፍላብያኖስም ምሕረት ሊለምን ወደ ቍስጥንጥንያ ሄደ። ወቅቱ ዐቢይ ጾም ነበር። ዮሐንስ በእነዚያ ሳምንታት ሕዝቡን እያጽናና ደጋግሞ ያስተማረው አንደበትን ስለ መግራት ነው፤ ከሥጋ ተከልክለን ወንድሞቻችንን በስድብ የምንነክስና የምንበላ ከሆነ ጾሙ ምን ይረባናል እያለ፣ ዓይንም ጆሮም እጅም እንዲጾሙ አሳሰበ። ግብሩ ከብዶ ሊሆን ይችላል፤ ሕዝቡም የሚያማርርበት ምክንያት አላጣ ይሆናል። መምህሩ ግን ቁጣ በአንድ ቀን ያቃጠለውን ለማዳን ስንት ልቅሶ እንደሚያስፈልግ ከፊታቸው ያለውን እያሳየ አስተማራቸው።

እኔም በጾም ወራት አንድ ሌሊት የሠራሁትን ልናገር። ደመወዝ መጨመር አለበት የሚል አሳብ ጽፌ ነበር፤ አንድ የማላውቀው ሰው «ደመወዝ ሲጨመር ሠራተኛ ይቀነሳል» ብሎ ተቃወመኝ። ሁለት ሦስት ጊዜ ተመላለስን። በመጨረሻ፣ የሰዎች ድጋፍ ከእኔ ጋር መሆኑን ባየሁ ጊዜ ልቤ ታበየና «ሥራ የሌለው ሰው ስለ ደመወዝ ምን ያውቃል» ብዬ ጻፍሁ። ሥራ ይኑረው አይኑረው ምንም የማውቀው አልነበረኝም፤ መናደፊያ አድርጌ የወረወርሁት ቃል ነበር። እርሱም «እውነት ነው፤ ከሥራ ከወጣሁ 7 ወር ሆነኝ» ብሎ መለሰልኝና ዝም አለ።

በማግሥቱ ጽሑፌን ለማጥፋት አሰብሁ። አበ ነፍሴን ባማክራቸው ግን «ያየው አይቷል፤ ማጥፋቱ አንተን ይሸፍንሃል እንጂ እርሱን አይክሰውም፤ ባዋረድኸው ቦታ ይቅርታ ጠይቀው» አሉኝ። እንዳሉኝ አደረግሁ፤ በዚያው ክርክር ሥር፣ በአንቱታ፣ ያልኩት ሁሉ ስድብ እንደ ነበርና እንደ ተጸጸትሁ ጻፍሁለት። ሁለት ቀን ምንም አልመለሰም። በሦስተኛው ቀን ይቅር ማለቱን ገልጦ፣ ስለ ደመወዙ ግን አሁንም እንደማይስማማ ጻፈልኝ። ያን ጊዜ መጀመሪያ ልጠይቀው የሚገባኝን ጠየቅሁት፦ «እንዲህ እንዲያስቡ ያደረገዎት ምንድን ነው?» በረጅሙ አስረዳኝ። ይሠራበት የነበረው ድርጅት ደመወዝ በጨመረ በጥቂት ወራት ውስጥ ከሠራተኞቹ የተወሰኑትን አሰናብቶ ነበር፤ ከእነርሱም አንዱ እርሱ ነበር። እኔ ዛሬም ለብዙ ሠራተኞች የሚከፈለው ደመወዝ አይበቃም ብዬ አምናለሁ፤ ስለዚህ ነገር ስጽፍ ግን ከዚያ ወዲህ በጭማሪው ምክንያት የሚሰናበተው ሰው ምን ይሁን የሚለውን ሳላነሣ አላልፍም። እርሱም አንዳንድ ጊዜ ይመጣና ይሞግተኛል።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።