ወደ ብሬከንሪጅ ከመውጣታችሁ በፊት፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ብሬከንሪጅ በኮሎራዶ ተራሮች መሃል በ1859 ወርቅ ፈላጊዎች የቆረቆሯት ከተማ ናት። የስኪ መንሸራተቻዋ የተከፈተው በ1961 ነው። ከዴንቨርና ከኦሮራ በመኪና ሁለት ሰዓት ገደማ ስለሆነች እዚያ ለሚኖር ሐበሻ ቅርብ ናት።

«የደጋ ሰዎች ነን፤ ከፍታ ምን ያደርገናል?»

ከተማዋ ያለችው 2,926 ሜትር ላይ ነው፤ ደብረ ብርሃንን ትበልጣለች። ተንሸራታቾችን ወደ ላይ የሚያወጣው ከፍተኛው የወንበር ሊፍት ደግሞ 3,914 ሜትር ያደርሳል። ደጋ ተወልዶ ማደግ አያድንም፤ ዝቅ ያለ ቦታ የኖረ ሰውነት የከፍታ ልምዱን በሳምንታት ውስጥ ያጣዋል። ከዋሽንግተን በርሮ በዚያው ቀን ተራራ የሚወጣ ሰው ራሱን ሊያመው፣ ሊያቅለሸልሸው፣ እንቅልፍ ሊያጣ ይችላል። መጀመሪያ ዴንቨር እደሩ፤ እሷ 1,609 ሜትር ላይ ናት። በደረሳችሁበት ቀን መጠጥ አትቅመሱ፤ ስኪውንም ለማግስቱ አቆዩት። ቁጭ ብሎ ትንፋሽ የሚያጥረው ወይም የሚቀባጥር ሰው ካለ ግን ነገ ይሻለዋል አትበሉ፤ ወዲያው ሐኪም ጋ ውሰዱት።

ወጥ ቤት ያለው ክፍል ለምትከራዩ፦ እዚያ ውሃ የሚፈላው በ90 ዲግሪ ገደማ ስለሆነ ምስር ቶሎ አይበስልም። ወጡን ቤት ሠርቶ ይዞ መውጣት ይሻላል።

«ፎር ዊል ካለን መንገዱ አያሰጋም»

ፎር ዊል ለመነሳትና ዳገት ለመውጣት ይረዳል፤ በረዶ ላይ መኪናውን የሚያቆመው ግን ጎማው ነው። ከዴንቨር ወደ ተራራው በሚወስደው አይ-70 ጎዳና ከሞሪሰን እስከ ዶትሴሮ፣ ከሴፕቴምበር እስከ ሜይ፣ የጎማ ጥርስ ቢያንስ 3/16 ኢንች፣ ማለትም 5 ሚሊሜትር ያህል እንዲሆን ሕጉ ያስገድዳል። ፎር ዊል ያልሆነ መኪና በዚህ ላይ የበረዶ ጎማ ወይም ሰንሰለት ያስፈልገዋል። የኪራይ መኪና ከሆነ ቁልፉን ከመቀበላችሁ በፊት ጎንበስ ብላችሁ ጎማውን እዩ። ቅዳሜ ጠዋት መውጣት፣ እሁድ ከሰዓት መውረድ ቀኑን መንገድ ላይ መጨረስ ነው።

«ወፍራም ጃኬትና ሁለት ካልሲ ይበቃል»

ጥጥ ሲረጥብ ቶሎ አይደርቅም፤ ጂንስም እንደዚያው። ከውስጥ ሱፍ ወይም ፖሊስተር፣ ከላይ ውሃ የማያስገባ ልብስ ልበሱ፤ ጋቢው ለማታ ይቆይ። ካልሲ አንድ ቀጭን ብቻ፤ ሁለት ሲደረብ በስኪ ጫማው (ቡት) ውስጥ ደም እንዳይዘዋወር ያፍናል፣ እግሩም ይበርዳል። ቡቱ ልክ የሚሆነው ቀጥ ብላችሁ ስትቆሙ ጣታችሁ ጫፉን ነክቶ፣ ጉልበታችሁን ስታጥፉ ትንሽ ሲሸሽ ነው። በረዶ ፀሐይን መልሶ ስለሚያንጸባርቅ ጥቁር ቆዳም ሰንስክሪን ይፈልጋል፤ ለዓይንም የስኪ መነጽር (ጎግል)።

«ትኬት እዚያው እንቆርጣለን»

የሊፍት ትኬት መስኮት ላይ በጣም ውድ ነው። አስቀድማችሁ በኢንተርኔት ግዙ። የፈረንጆችን ገና ሳምንትና የፕሬዝዳንቶች ቀንን ሽሹ፤ በጃንዋሪ መጨረሻ ከሰኞ እስከ ሐሙስ ይሻላል።

«ስኪ ለማይችል ምንም የለም»

ከከተማው ወደ ተራራው የሚወስደው ጎንዶላ (በገመድ ላይ የሚሄድ መጓጓዣ) ነጻ ነው፤ የከተማው አውቶቡስም እንዲሁ። በወንዞቹ ዳር የተከመረው ድንጋይ ወርቅ የሚፈልጉ ትላልቅ ጀልባዎች የወንዙን ወለል እየዛቁ የተፉት ነው፤ የመጨረሻው ሥራ ያቆመው በ1942 ነው። ልጆችን ወደ ድሮው የወርቅ ጉድጓድ ካንትሪ ቦይ ማይን ውሰዷቸው። ተራራው ላይ በሚታዩት ሌሎች አሮጌ ጉድጓዶች ግን ማንም እንዳይገባ፤ ጣሪያቸው ይናዳል፣ አየራቸውም ሊመርዝ ይችላል።