ክለሳ ምንድን ነው? ያላለቀ ልብ ወለድስ መቼ ይከለሳል?

ልብ ወለድ የሚጽፍ ሰው አንድ ቀን መሃል ላይ ይቆማል። ምዕራፍ 8 ደርሷል እንበል። የትናንቱን ለማየት ብሎ ፋይሉን ይከፍታል፤ ዓይኑ ግን ምዕራፍ 1 ላይ ያርፋል። "ይቺን አንዷን ዓረፍተ ነገር ብቻ ላስተካክል" ይላል። ሲመሽ አሥር ገጽ አስተካክሏል። ምዕራፍ 8 ካለበት ንቅንቅ አላለም።

እኔ አንድ የመጀመሪያ ምዕራፍ ዓመት ሙሉ ስጽፍ ከርሜ አውቃለሁ። ምዕራፉ አማረ። መጽሐፉ ግን አልተወለደም። ስለዚህ ጉዳዩ ለእኔ ትልቅ ነገር ነው፤ ብዙ ጥሩ ታሪክ እዚሁ ቦታ ላይ ሲቀር አይቻለሁ።

መጀመሪያ ቃሉን እንያዘው። ክለሳ ስንል ተማሪ ለፈተና የሚያደርገው ትዝ ይለናል። ወጥ ቤት ግን ሌላ መከለስ አለ። ቁሌቱ በደንብ ከበሰለ በኋላ ውሃ ይከለስበታል። ሽንኩርቱ ሳይበስል ውሃ ከገባበት ወጡ ጥሬ ጥሬ ይላል፤ ከዚያ በኋላ ቢያንተከትኩትም አይመለስም። የረቂቅ ክለሳም ጥያቄው ይኸው ነው። ቁሌቱ በስሏል ወይ?

ሦስት ሥራዎችን እንለይ፤ ብዙ ጊዜ ተደባልቀው ነው የሚያስቸግሩት። ክለሳ ታሪኩን ራሱን መንካት ነው፦ ማን ነው የሚተርከው፣ ማን ለማን ምኑ ነው፣ የቱ ትዕይንት ይቅር። አርትዖት የቋንቋው ነገር ነው። እርማት ደግሞ ፊደሉና ነጥቡ ነው፤ "ሰ" ይሁን "ሠ"፣ "ሀ" ይሁን "ሐ"። ረቂቁ ሳያልቅ አርትዖትና እርማት ውስጥ መግባት ጊዜ ማባከን ይመስለኛል፤ ነገ የሚወጣ ገጽ ላይ ፊደል መልቀም ነውና። ከባዱ ክለሳው ነው።

ልዩነቱን በአንድ ምሳሌ ላሳይ። በአንድ ልብ ወለዴ ውስጥ ብርቄ የምትባል ልጅ ነበረችኝ። ከሰል የሚያመጣላት ጎረቤቷ ደምሴ ደግሞ በስድስት ምዕራፍ ውስጥ እኩያዋ ነበር። ምዕራፍ 7 ላይ ስደርስ ደምሴ ሽማግሌ መሆን እንዳለበት ገባኝ። አባቷን በወጣትነቱ የሚያውቅ ሰው ያስፈልገኝ ነበር። ምዕራፍ 2 ላይ ያለችው ዓረፍተ ነገር እንዲህ ትል ነበር፦ "ደምሴ መጣና ከሰሉን በሩ ላይ አራገፈ።" አሁን "አባባ ደምሴ መጡና ከሰሉን በሩ ላይ አራገፉ" ልትሆን ነው። ስሙ ተቀየረ፣ ግሶቹም ተቀየሩ። ይህ ብቻ ቢሆን አርትዖት ነበር። ነገር ግን ብርቄ ያን ጊዜ ተቀምጣ ነበር የምታናግረው። ለእኩያዋ መቀመጥ ትችላለች። ለአባባ ደምሴ ግን ብድግ ትላለች፣ ከሰሉን ትቀበላቸዋለች፣ ውሃ ትሰጣቸዋለች። ትዕይንቱ ሌላ ሆነ። አማርኛ እንዲህ ነው፤ "አንተ" ወደ "እርስዎ" ሲዞር የሰው አቀማመጥ ሁሉ ይዞራል።

እኔ ምን አደረግሁ? ወደ ኋላ ተመለስኩ። ስድስቱንም ምዕራፍ እንደ አዲስ ጻፍኩ፤ ሁለት ወር ፈጀ። ከዚያ ምዕራፍ 11 ላይ ሰውየው ጎረቤት ሳይሆኑ አጎቷ መሆናቸውን አገኘሁት። ያ ሁለት ወር በከንቱ ቀለጠ።

ሁለተኛው ጊዜ ላይ ግን አልተመለስኩም። ደብተር አውጥቼ "ከዚህ ወዲያ ደምሴ አጎቷ ናቸው፤ ምዕራፍ 2፣ 4 እና 5 ይስተካከል" ብዬ ጻፍኩ። ከዚያ ከመጀመሪያውም አጎቷ እንደነበሩ አድርጌ ምዕራፍ 12ን ቀጠልኩ። ማንም ጀማሪ እንዲይዝልኝ የምመኘው ይህንን ነው። ያገኘኸውን ለውጥ መዝግበህ ወደ ፊት ሂድ። የኋላው ይጠብቃል፤ የትም አይሄድም።

ታዲያ ሳይጨርሱ መመለስ ጨርሶ ክልክል ነው? አይደለም። ለውጡ የሚቀጥለውን ገጽ እንዳትጽፍ ካገደህ ያኔ መመለስ አለብህ። ዋነኛው ምሳሌ የተራኪ ለውጥ ነው። ሩሲያዊው ዶስቶየቭስኪ "ወንጀልና ቅጣት"ን ሲጀምር ነፍሰ ገዳዩ ራሱ "እኔ" እያለ የሚናዘዝበት አድርጎ ነበር። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 1865 ብዙ ከጻፈ በኋላ ረቂቁን አቃጥሎ እንደ አዲስ ጀመረ። አዲሱ በ"እሱ" ነው የሚተረከው። ይህን በደብተር ማስታወሻ ማለፍ አይቻልም። "ገደልኩ" ሲል የነበረ ሰው "ገደለ" ሲባል፣ ተራኪው የሚያውቀውም የሚደብቀውም ይለወጣል። የሚቀጥለው ገጽ በየትኛው አፍ ይጻፍ? ደግሞም ልብ በሉ፦ እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 1866 ጀምሮ ሥራው በወርኃዊ መጽሔት በተከታታይ ወጣ። የመጀመሪያው ክፍል አንባቢ እጅ ሲገባ እሱ ገና የኋለኛውን እየጻፈ ነበር። ስለዚህ ማቃጠሉን አቃጥሎ፣ ከዚያ በኋላ ግን አንባቢ እጅ የገባውን ክፍል ትቶ ወደ ፊት ነው የሄደው።

የመመለስ ፍላጎቱ እውነተኛ መሆኑን በምን ታውቃለህ? እኔ ችግሩን በአንድ ዓረፍተ ነገር ለመጻፍ እሞክራለሁ። "ብርቄ ደብዳቤውን ካነበበችው ምዕራፍ 9 ላይ መደንገጥ የለባትም" የሚል ከወጣ እውነተኛ ችግር ነው። "ደስ አላለኝም፣ ደረቀብኝ" ብቻ ከሆነ ግን ድካም ነው፣ ወይም ፍርሃት። መሃል ላይ ያለ ረቂቅ ሁልጊዜ ደረቅ ይመስላል። እንዲህ ያለ ቀን የትናንቱን የመጨረሻ ገጽ አንብቤ እጄን አሟሙቄ እቀጥላለሁ። ከአንድ ገጽ በላይ ወደ ኋላ አልሄድም።

ሲያልቅስ ወዲያው ይከለሳል? እሱም አይደለም። አሜሪካዊው ደራሲ ስቲቨን ኪንግ ያለቀ ረቂቅ ቢያንስ 6 ሳምንት መሳቢያ ውስጥ ይቀመጥ ይላል። ትክክል ነው። ትኩስ ረቂቅ ስታነብ ወረቀቱ ላይ ያለውን ሳይሆን ጭንቅላትህ ውስጥ ያለውን ነው የምታነበው። ሲከርም ግን የሌላ ሰው ጽሑፍ ይመስላል። ያኔ አትመህ ድምፅህን ከፍ አድርገህ አንብበው። "አለ" የምትለውን አንዲት ቃል አንተ አላልተህ ጽፈሃት፣ አንባቢ አጥብቆ ሊያነባት እንደሚችል የምትሰማው ያን ጊዜ ነው።

የብርቄን ታሪክ ጨርሼ ደብተሩን ስከፍት ሁለት ገጽ ሙሉ ማስታወሻ ተጠራቅሞ ነበር። አንድ በአንድ አየሁት። ግማሽ ያህሉ ከእንግዲህ የማያስፈልግ ሆኖ አገኘሁት፤ ታሪኩ ራሱ ሌላ መንገድ ይዞ ትቶት ሄዷል። እነሱን ሰረዝኳቸው። የቀረውን ይዤ ምዕራፍ 2ን ከፈትኩ፤ አባባ ደምሴን አጎቷ ላደርጋቸው።