ድመት መንኩሳ አመሏን አትረሳ

ይህን አባባል ብዙ ሰው ግማሹን ብቻ ነው የሚናገረው። «ድመት መንኩሳ…» ይልና ዝም። የቀረውን ሰሚው በሆዱ ይጨርሰዋል። በተራ ንግግር ቢሆን «አትረሳም» ይባል ነበር፤ እዚህ ግን ቤት እንዲመታ «ም» ወድቃለች።

እኔ በልጅነቴ የሰማሁት ተረት እንዲህ ነው። ድመት አረጀች፣ አይጥ ማባረር አቃታት። ቆብ ደፍታ፣ መቁጠሪያ ይዛ፣ «እስከ ዛሬ የበደልኳችሁን ይቅር በሉኝ፤ ከእንግዲህ ዓለም በቃኝ» ብላ ወደ አይጦች ላከች። አይጦቹ መከሩ። አንዲት አሮጊት አይጥ «ቆቡንስ አየነው፤ ጥፍሯን ማን አየ?» ብትል የሰማት የለም። ተሰልፈው ሊባረኩ ገቡ። አንድ በአንድ ተሳልመው ሲወጡ የመጨረሻው ሳይወጣ ቀረ።

አባባሉን የሚያሳምመው «መንኩሳ» የምትለው ቃል ናት። በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ሥርዓት የሚመነኩስ ሰው ለዓለም እንደ ሞተ ተቆጥሮ በቁሙ ጸሎተ ፍትሐት ይደረግለታል። ስሙም ይለወጣል፤ ቀሚሱን፣ ቅናቱን (መታጠቂያውን)፣ ቆቡን፣ ኋላም የላይኛው ማዕረግ ምልክት የሆነውን አስኬማውን በየማዕረጉ ይቀበላል። እንግዲህ ሰውዬው ሞቷል። «አመሉስ አብሮት ተገንዟል ወይ?» ነው የአባባሉ ጥያቄ።

ዛሬ እንዲተረትብን መመንኮስ አያስፈልገንም፤ ማተብ ማሰር ይበቃል። አንድ ቀን ጠዋት ገበያ ቡና ልገዛ ቆሜያለሁ። ሻጯ ከኪዳን መመለሷ ነው፤ ነጠላዋን እንዳጣፋች፣ ከቤተ ክርስቲያን የተቀባችው እምነት ግንባሯ ላይ እንዳለ «በስመ አብ» ብላ ጆንያውን ፈታች። በፍልሰታ ወተት የነካ ማንኪያ ወደ ድስቷ የማታስጠጋ ሴት ናት። አውራ ጣቷ ግን የሚዛኑ ሳህን ጠርዝ ላይ ተደላድሎ ተቀምጧል። «እትዬ፣ ጣትዎን» አልኳት። «ውይ! እመብርሃንን፣ አላየሁትም!» አለችና አነሣችው። ከኋላዬ የቆመው ሰውዬ «ድመት መንኩሳ…» ብሎ ጉሮሮውን ጠረገ።

እውነቱን ለመናገር አባባሉ ድመቷን በድሏታል። አይጥ መብላት ለድመት ተፈጥሮዋ ነው፤ ምን ንስሐ ያስገባታል? ሰው ግን ሚዛን ላይ ጣቱን ጭኖ አልተወለደም፣ ለምዶት ነው። ደግነቱ አባባሉም «ተፈጥሮዋን» አላለም፣ «አመሏን» እንጂ። ነቢዩ ኤርምያስ (13፥23) «በውኑ ኢትዮጵያዊ መልኩን ወይስ ነብር ዝንጕርጕርነቱን ይለውጥ ዘንድ ይችላልን?» ሲል የሚወቅሰው «ክፋትን የለመዳችሁ» የሚላቸውን ነው። የሱም ነገር ልማድ ላይ ነው። ነብርስ ቢሆን ያው የድመት ዘመድ አይደል?

የማልወደው፣ አባባሉን ንስሐ በገባ ሰው ፊት በር መዝጊያ ሲያደርጉት ነው። የትናንቱ ሰካራም ዛሬ ቅዳሴ ሲያስቀድስ ታየ፤ ወዲያው «ድመት መንኩሳ»። እንዲህ ለሚሉት ሙሴ ጸሊም አለላቸው። በ4ኛው ክፍለ ዘመን የሽፍቶች አለቃ ነበር፤ ትውፊቱ ኢትዮጵያዊ ይለዋል። በግብፅ፣ በአስቄጥስ በረሃ መነኮሰ። አመሉ ቆብ ስለደፋ አልለቀቀውም፤ እየተነሣበት ለዓመታት ታግሎታል። አንድ ወንድም በድሎ መነኮሳቱ ሊፈርዱበት በተሰበሰቡ ጊዜ፣ ሙሴ አሸዋ የሞላበት ቀዳዳ ቅርጫት በጀርባው አዝሎ መጣ። አሸዋው እየፈሰሰ ነው። ምንድን ነው ይሄ ቢሉት፣ ኃጢአቴ ከኋላዬ ይፈሳል፣ እኔ አላየውም፤ የሌላውን ልፈርድ ግን መጣሁ አላቸው። ያንን ወንድም ማሩት። ቤተ ክርስቲያን ሙሴን ሰኔ 24 ታስበዋለች።

አያቴ ባላቸው ከሞቱ በኋላ ቆብ ደፍተው እማሆይ ተባሉ። ቡና ላይ የጎረቤት ወሬ ሲነሣ መቁጠሪያቸውን እየቆጠሩ ዝም ይሉ ይሉና፣ ድንገት «እና ምን አለቻት?» ብለው ጎንበስ ይላሉ። ወዲያው ደንገጥ ብለው ቆባቸውን ይነካሉ። «ድመት መንኩሳ!» ይሉና በራሳቸው ይስቃሉ። በረካው ላይ ግን፣ ወሬው ከቆመበት ቀጥሎ እንደሆነ፣ ጆሯቸው እዚያው ነው።