በብየዳ ማሽን ላይ የተጻፈው 60% ምን ማለት ነው?

ቲግ ብየዳን (በማይቀልጥ የተንግስተን ዘንግና በመከላከያ ጋዝ የሚሠራውን ብየዳ) በቤታቸው ለመለማመድ ከመርካቶ ማሽን የሚገዙ ብዙ ጀማሪዎች፣ በማሽኑ ሰሌዳ ላይ «200 አምፒር፣ 60%» የሚለውን ሲያነቡ የማሽኑ ጉልበት ወደ 60 በመቶ ዝቅ ያለ ይመስላቸዋል። ነገሩ ሌላ ነው። ዱቲ ሳይክል የሚባለው ይህ ቁጥር የሚሰላው በ10 ደቂቃ ሲሆን፣ ማሽኑ በ200 አምፒር 6 ደቂቃ ከበየደ በኋላ 4 ደቂቃ ማረፍ እንዳለበት ያመለክታል። አምፒሩ ሲቀንስ የሚፈቀደው ጊዜ ይረዝማል፤ በ2 ሚሊ ሜትር ላሜራ የሚለማመድ ሰው ከ60 እስከ 80 አምፒር ስለሚበቃው ገደቡ እምብዛም አያሳስበውም።

የአዲስ አበባ ነዋሪ ሊያስተውለው የሚገባው ግን፣ ቁጥሩ በዓለም አቀፉ ደረጃ መሠረት የሚሰጠው ለ40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሙቀትና ከባሕር ወለል በላይ ከ1000 ሜትር ለማይበልጥ ከፍታ መሆኑን ነው። ከተማችን ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች፣ የሳሳው አየር ማሽኑን እንደ ቆላው አየር አያበርደውም፤ ቅዝቃዜው በከፊል ቢያካክሰውም፣ እኔ በከፍተኛ አምፒር ስሠራ ከተፈቀደው ጊዜ 1 ደቂቃ አስቀድሜ አቆማለሁ። የሙቀት ማስጠንቀቂያዋ መብራት ከበራች ደግሞ ማሽኑን ከሶኬት መንቀል ስሕተት ነው፤ ፋኑ እየዞረ ውስጡን ማብረድ አለበትና መብራቷ እስክትጠፋ መጠበቅ ይገባል።